ሐሙስ ሐሙስ የሚነሣው ጥርሴ

ጤነኛ ጥርስ ሲነቀል ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። የታመመ ጥርስ ያስነቀለማ ሞልቷል፤ እሱ ቢያንስ ሲወጣለት እፎይ ይላል። እኔ ግን ቆሎ የምፈጭባትን፣ አንድ ቀን እንኳ አስቀይማኝ የማታውቀውን መንጋጋዬን በእግሬ ሄጄ አስነቀልኩ። ምክንያቱ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ጆሮንና ጥርስን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል፤ ታገሡኝ፣ እነግራችኋለሁ። ሳቅ ካላችሁ ግን መጀመሪያው ላይ ሳቁት፤ ወደ መጨረሻው እኔም አልስቅም።

ያን ጊዜ መተማ ውስጥ በመንግሥት የሰሊጥ መጋዘን መዛኝ ነበርኩ። ተሸካሚ ጆንያውን አምጥቶ ባስኩላው ላይ ይጥላል፣ እኔ ኪሎውን አንብቤ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ እሱ ያነሣል፣ ሌላው ይጥላል። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራው ይኸው ነው። ከላይ የቆርቆሮው ጣራ ያነድደናል፣ ከታች ሰሊጡ ይተነፍስብናል። ተሸካሚዎቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሲሠሩ እኔ ኮት እለብሳለሁ። መተማ ላይ ኮት የሚለብስ ሰው ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ ሙሽራ ነው። እኔ ሁለቱንም አልነበርኩም።

በኮቴ የውስጥ ኪስ መዳፍ የምታህል ትራንዚስተር ሬዲዮ ነበረችኝ። ቀጭን ሽቦዋ በእጅጌዬ ውስጥ አልፋ መዳፌ ላይ ትወጣለች፤ ጫፏ ላይ ለአንድ ጆሮ የምትበቃ ማዳመጫ አለች። ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ ስቀመጥ ለሚያየኝ ሰው ጥርሱን የሚያመው ምስኪን ነኝ፤ እኔ ግን ከወንዙ ማዶ የሚመጣ ዘፈን እሰማለሁ። ሱዳኖች ሲዘፍኑ አረብኛው ሁሉ ባይገባኝም ኀዘናቸው ይገባኝ ነበር። ድምፁን ከፍቶ መስማት አይታሰብም። የውጭ ሬዲዮ ሲሰማ የተገኘ ሰው "ለምን?" ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱን ግን ጠያቂዎቹ አስቀድመው ጽፈውለት ነው የሚጠሩት።

የሌላው ቀን ዘፈን ለጨዋታ ነው፤ የሐሙሱ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አድማጮች ለወዳጆቻቸው ሰላምታ እየላኩ ዘፈን የሚያስመርጡበት ፕሮግራም አለ። ታናሽ ወንድሜ ሞላ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ ወንዙን ተሻግሮ ነበር፤ ገዳሪፍ ውስጥ በሰሊጥ እርሻ ቀን ሠራተኛ ሆኗል። ስሙ በሬዲዮ ከተጠራ ጭልጋ ያለችው እናታችን ገበሬ ማኅበር ተጠርታ "ልጅሽ የት ነው?" መባሏ ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ተስማማን፦ ደኅና ከሆነ ለቡሬ ዘፈን ይመርጣል።

ቡሬ በሬያችን ነው። ሞላ ከጥጃነቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ ለሰው የማይነግረውን ሁሉ የሚነግረው ጥቁርና ነጭ በሬ። ሞላ በሄደ በመጀመሪያው በጋ፣ አንድ ሐሙስ፣ የፕሮግራሙ አቅራቢ "ከአንድ ሐበሻ የሰሊጥ ሠራተኛ፣ ለወዳጁ ለቡሬ" ሲል ሰማሁ። ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ። ተሸካሚዎቹ እንባዬን አይተው "ዛሬስ ጥርሱ ባሰበት" ተባባሉ። ወሬው ሲደርሳት እናቴ ቡሬን ጨው አላሰችው።

ከዚያ በኋላ ሞላ ዝም አለ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ቡሬን የሚጠራ ጠፋ። በዚህ ላይ ከገዳሪፍ የተመለሰ አንድ ቀን ሠራተኛ ጭልጋ ገብቶ "ሞላን ወባ ወሰደው ሲሉ ሰምቻለሁ" ብሎ አወራ። ማን እንዳለው አያውቅም፣ መቃብሩን አላየም፣ ብቻ ሰምቷል። ለመስቀል ወደ ቤት ስወጣ ዘመድ ሁሉ እናቴን ከቧት "መርዶሽን ተቀበይ፣ የልጅሽን ተዝካር አውጪ" እያለ አገኘሁት። እሷ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

"እኔ ልጄን በወሬ አልቀብርም" አለችኝ። "አንተ ድንበሩ ላይ ነህ፣ ጆሮህን አቁምልኝ። የገና ጦም እስቲፈታ እጠብቃለሁ። እስተዚያ ለቡሬ ዘፈን ታልመጣ ግን ቡሬን አርጄ ተዝካሩን አወጣለሁ። ሌላ የማርደው እንደሌለኝ ታውቃለህ።"

"እሽ እማየ" አልኳት። የአንድ ልጅ ሕይወትና የአንድ በሬ ሕይወት በአንድ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ መተማ ተመለስኩ።

ጥቅምትን በሙሉ፣ ከኅዳርም አብዛኛውን፣ አንድ ሐሙስ ሳላጓድል ሰማሁ። ቡሬ አልተጠራም። ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ረቡዕ፣ ዘፈን እየሰማሁ ሳለ የመጋዘናችን ካድሬ ጓድ ታከለ በበሩ ብቅ አለ። ደንግጬ ማዳመጫዋን ከጆሮዬ መዥርጬ አወጣሁና እጄ ያገኘው ቦታ ላይ አስቀመጥኳት። እጄ ያገኘው ቦታ ባስኩላው ነበር። አንተነህ የሚባለው ጎጃሜ ተሸካሚ መቶ ኪሎውን ጆንያ ከትከሻው ለቀቀው። ጓድ ታከለ አጠገቤ ቆሞ ስለሚያይ ዝም ብዬ ኪሎውን አነበብኩ፣ ጻፍኩም። ጆንያው ሲነሣ ማዳመጫዬ ከባስኩላው ብረት ጋር አንድ ሆና ነበር። በገዛ እጄ መዝኜ የመዘገብኩት ጆሮ እሱ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ከመርፌ እስከ ብርድ ልብስ የማይሸጡት የሌለ ሽማግሌ ናቸው።

"ሐጂ፣ የሬዲዮ ማዳመጫ አለዎት?"

"ሦስት ዓይነት አለኝ ልጄ" አሉና ባንኮኒው ላይ ደረደሩልኝ። "ይቺ ሙሉ ናት፣ ካርቶኗም አልተከፈተ። ወላሂ የማንም ጆሮ አልገባች። ይቺ ደግሞ የሹፌር ነበረች፤ ትሠራለች፣ ጆሮህ ቢያሳክክህ ግን ከእኔ እንዳትቀየም። ይቺ ሦስተኛዋ ግማሽ ናት፤ ጆሮዋ ነገ ትመጣለች።"

ግማሽ የሚባለው ነገር ለአገሩ እንግዳ ለሆነ ሰው ያስቃል። እኛ ዘንድ ግን ንግዱ እንዲህ ነው። ከማዶ የሚመጣ ዕቃ ኮንትሮባንድ በሚይዘው ፊናንስ እጅ እንዳይገባ ለሁለት ይከፈላል፤ የጫማ ግራው በአንድ ሰው፣ ቀኙ በሌላ ሰው፣ በሌላ መንገድ ይመጣል። አንዱ ቢያዝ ፊናንሱ አንድ እግር ጫማ ይዞ ምን ይሠራል? የማዳመጫዬም ሽቦ በመተማ በኩል ገብቶ፣ ጆሮ ላይ የሚገባው ቁራጭ በሌላ ሰው ኪስ በአብርሃ ጅራ ከተማ በኩል እየዞረ ነበር። መጠበቅ ለሚችል ሰው ግማሹ ርካሽ ነው።

የሙሉዋን ዋጋ ስጠይቅ ለገና ከእሳቸው ከገዛሁት ጫማ እኩል ሆነ። ያ ጫማ ራሱ ግራው ባለፈው ሳምንት ነበር የመጣው፤ ቀኙ ያን ዕለት ጠዋት ገብቶ ገንዘቤን ጨርሶብኛል። የሹፌሩን ማዳመጫ ደግሞ አገላብጬ ሳያት ሹፌሩ ከነጆሮው ያለባት መሰለኝ። እናም፣ እንዲያው ልናገረው፣ ጫማውን መልሼ ሙሉዋን መውሰድ እችል ነበር። ሐጂ እምቢ አይሉኝም ነበር። እኔ ግን እዚያው ሱቅ ያስቀመጥኩትን ጫማዬን አየሁ፣ ሽቦዋን አየሁ፣ "ነገ ናት አይደል?" አልኩ።

"ኢንሻአላህ ነገ" አሉ ሐጂ።

የመጀመሪያው ሐሙስ በማግሥቱ ነበር። ጆሮዋ አልመጣችም። "ጥርሴን አሞኛል፣ ቤት ሄጄ ልተኛ" ብዬ ከጓድ ታከለ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ሐሳቤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሬዲዮዋን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ መስማት ነበር። ጓድ ታከለ ግን ደግ ሰው ነው። ደግነቱ እንደ ትእዛዝ ስለሚመጣ መመለሻ የለውም።

"ጓድ፣ ይህ ጥርስ ስንት ወር ሙሉ ምርት አጓተተ!" አለኝ። "እኔ ራሴ ክሊኒክ እወስድሃለሁ።"

ወሰደኝ። ድሬሰሩ አፌን አስከፍቶ "የትኛው ነው?" አለኝ። ምን ልበል? ጓድ ታከለ ቆሞ ያየኛል። አንዷን በጣቴ ጠቆምኩ። ድሬሰሩ በብረት ኳ ኳ አደረጋትና "ደኅና ትመስላለች" ሲል፣ ጓድ ታከለ "ውስጥ ውስጡን ነው የበላችው፣ ስትጠዘጥዘው ዓይኔ አይቷል" ብሎ መሰከረባት። ራሴን ግጥም አድርጎ ያዘልኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ልክ ዘጠኝ ሲል መንጋጋዬ ወጣች። ከወንዙ ማዶ ለማን ምን ዘፈን እንደተመረጠ እግዚአብሔር ይወቅ።

በሁለተኛው ሐሙስ ከጆንያው ክምር ጀርባ ተሸሸግሁ። ሬዲዮዋን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ፣ አቅራቢው "አሰላሙ አለይኩም" ከማለቱ አንተነህ ከች አለ።

"ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎ?"

"ጥርሴ" አልኩት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው፣ ምን ላድርግ።

አንተነህ ልቡ ንጹሕ ነው። "ኧረ ጓዶች፣ የጋሼ ጥርስ ወልቃ ሰሊጥ ውስጥ ገባች!" ብሎ ጮኸ። አምስት ተሸካሚ ሥራውን ጥሎ ተንበርክኮ ሰሊጥ ያበጥር ጀመር። እኔም ከእነሱ ጋር ተንበርክኬ፣ ክሊኒክ ውስጥ የቀረችውን ጥርሴን እስከ አሥር ሰዓት ፈለግሁ። አንዱ ጠጠር አግኝቶ "ይቺ ናት?" ብሎ አመጣልኝ፤ አመስግኜ ኪሴ ከተትኳት።

ሦስተኛው ሐሙስ ስብሰባ ነበር። አራተኛውም ስብሰባ ነበር፤ የሦስተኛው ስብሰባ ለምን እንደረዘመ ለመወያየት። ሐጂ ዘንድ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ጆሮዋን የያዘው ሰው አብርሃ ጅራ ሲደርስ የቀን ሥራ አግኝቶ እርሻ ገብቷል አሉኝ። እኔ እዚህ ደንቁሬ፣ ጆሮዬ እዚያ በሰው ኪስ ሰሊጥ ታጭዳለች። "ያ አኸይ፣ ወንድሜ፣ ሙሉዋ አሁንም አለች" ይሉኛል ሐጂ በየጊዜው። ጫማዬን ግን አንድ ጊዜ አድርጌው ስለነበር የሚመለስ አልሆነም።

በዚህ መሐል እናቴ በአውቶቡስ ረዳት "ቡሬን የሚጠይቅ ሰው መጣ ወይ?" ብላ ላከችብኝ። አሁን ሰው ቢሆን ምን ይላል? "ማዳመጫዬ ተሰብራለች፤ ጫማ ስለገዛሁ ደኅናዋን አልገዛሁም" ይላል። እኔ ግን አፈርኩ። ሞላ ካለ እንደገና ይልካል፣ ከሌለም ማዳመጫ አያስነሣውም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለረዳቱም "እየጠበቅሁ ነው፣ ማንም አልጠየቀም በላት" አልኩት። በሕይወቴ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ አጭር የሆነ ግን የለም።

አምስተኛው ሐሙስም ያለማዳመጫ ባዶውን አለፈ፣ ገናም ደረሰ። ከገና በኋላ ባለው እሑድ የሞላ ተዝካር ወጣ። ጓድ ታከለ ፈቃድ ሰጠኝ፣ ተሸካሚዎቹም አዋጥተው ማስተዛዘኛ አስያዙኝ። ጭልጋ ስደርስ እናቴ ጥቁር ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"እንዲያው አንድም ሐሙስ አላመለጠህም?" አለችኝ።

"አላመለጠኝም" አልኩ።

የቡሬን ገመድ አስያዘችኝ፤ የቤቱ ትልቅ ወንድ ልጅ እኔ ነኝና። ቡሬ ያውቀኛል፤ ሊልሰኝ እጁን ዘረጋ ልበላችሁ እንዴ፣ ምላሱን ዘረጋ። ጫማዬን ላሰው። ከዚያ የሆነውን አልናገርም። ሥጋው ሲመጣልኝ "በላ በላ፣ ለወንድምህ ነፍስ ነው" አሉኝ፤ በላሁ። በጎደለው መንጋጋዬ በኩል ማኘክ አቅቶኝ ሳልፈጨው የዋጥኩት ነገር እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

ማክሰኞ መተማ ስገባ ሐጂ ኢድሪስ ከሩቅ ጠሩኝ። "ጆሮህ መጣች!" ቁራጯንና ሽቦዋን አጋጥመው በየዱልኝ። አሁን ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር፤ ሆኖም ሐሙስ ሲመጣ ልማድ ሆኖብኝ ኮቴን ለበስኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽቦዋን ሰክቼ ጉንጬን በመዳፌ ደገፍኩ። ድምፁ የራቀ መሰለኝ፤ ከፍ አደረግሁት። አሁንም የራቀ መሰለኝ፤ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ያኔ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ለካስ ለሁሉም ነው የተሰማው። የሽቦዋ መሰኪያ ቀጭን ኖሮ የሬዲዮዋን ድምፅ አልዘጋውም። ማዳመጫዋ ዲዳ ናት፤ የምሰማው ከገዛ ኮቴ የሚወጣውን ነው። መጋዘኑ በሙሉ ሥራ አቁሞ ደረቴን ሲያይ እኔ ጉንጬን ይዤ፣ ማንም እንዳላወቀብኝ ተማምኜ ተቀምጫለሁ። ገዳሪፍ የሠሩ ተሸካሚዎች አረብኛ ያውቃሉ፤ ጓድ ታከለም የድንበር ልጅ ስለሆነ ከሁላችን ይበልጥ ያውቃል። አቅራቢው እየሳቀ እንዲህ አለ፦

"አሁን ደግሞ ያ ሐበሻ የሰሊጥ ሠራተኛ፣ ለወዳጁ ለቡሬ። ይህ ሰው ለቡሬ ዘፈን ሲመርጥ ዛሬ በተከታታይ ስድስተኛ ሐሙሱ ነው። ታምሜ ቆይቼ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ ይለዋል። ቡሬ ሆይ፣ ኧረ ስማው!"

ዘፈኑ ጀመረ። ስድስት ሐሙስ። የመጀመሪያው ጥርሴ የተነቀለችበት፣ ሁለተኛው ጥርሴን የፈለግሁበት፤ እያንዳንዱን አስታወስኩት። ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደስም አለኝ። ግን ድምፄን ለቅቄ ነው ያለቀስኩት። ቀና ስል ጓድ ታከለ ፊቴ ቆሟል።

"ቡሬ ማነው?" አለኝ። ድምፁ የስብሰባ ድምፁ ነበር።

መዋሸት አልቻልኩም፤ የነበረኝን ውሸት ሁሉ ለእናቴ ጨርሼዋለሁ። "በሬያችን ነው" አልኩት። "እሑድ በላነው።"

ጓድ ታከለ የማን ተዝካር እንደነበር ያውቃል፤ ፈቃዱን የፈረመው እሱ ነው። ሬዲዮዋን አየ፣ እኔን አየ። እኔም እስር ቤት የሚያስገቡኝ በአዲሱ ጫማዬ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ከዚያ እጁን ኮቴ ውስጥ ሰድዶ ሬዲዮዋን ቀጭ አድርጎ ዘጋትና ወደ ሰዎቹ ዞረ።

"ጓዶች!" አለ። "ሰውየው ጥርሱን አሞት ነው። እናንተም ያያችሁት ይኸንኑ ነው። ወደ ሥራ!"

አንተነህ ጆንያውን አነሣ። ሌላው ተከተለው። ማንም፣ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲያ፣ ስለዚያ ዘፈን አንድ ቃል አልተናገረም።

ቅዳሜ ጭልጋ ወጣሁ። እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ነበር። በጆሮዋ "ሞላ አለ" አልኳት። እልል እንዳትል አፏን በነጠላዋ አፈነችው። ጥቁሯንም ማውለቅ አትችልም፤ ካወለቀች "ከማን ሰማሽ?" ትባላለች። በሕይወት ላለ ልጇ ዓመት ሙሉ ጥቁር ልትለብስ ነው። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፦ ባስኩላውን፣ ግማሿን ማዳመጫ፣ ጫማውን፣ "አላመለጠኝም" ማለቴን። ጫማዬን ረጅም ጊዜ አየችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ለሞላ እንዳትነግረው" አለች በመጨረሻ። "ያ ልጅ አንድ ቀን ቢመለስ ለቡሬ ብሎ ነው እንጂ ለኔም ላንተም አይዶለም። ቡሬ ደኅና ነው በለው።"

አንተነህ የእኛ ሥራ ሲያልቅ ወንዙን ተሻግሮ ገዳሪፍ ለሥራ ሊሄድ ስለነበር ነገሩን አደራ አልኩት። "ለበሬው ዘፈን የሚመርጠውን ሐበሻ ፈልገህ ቡሬ ደኅና ነው በለው፤ ሌላ ምንም እንዳትጨምር።" አንተነህ የተዝካሩን ማስተዛዘኛ ካዋጡት አንዱ ነው፤ ዓይን ዓይኔን አየኝና "እሺ ጋሼ" ብሎ ሄደ።

እኔም በመጨረሻ ሙሉዋን ማዳመጫ ገዛሁ። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ ለገዢ እመክራለሁ። አንተነህ ከሄደ በሦስተኛው ሐሙስ አቅራቢው የሞላን መልእክት አነበበ፦ "ቡሬ ሆይ፣ ደኅና መሆንህን ሰምቻለሁ። ላንተ የሚሆን የአንገት ቃጭል ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ይዤልህ እመጣለሁ።"

እጄን ጉንጬ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። ጓድ ታከለ ሲያልፍ አጠገቤ ቆም አለ።

"ዛሬም ጥርስህ ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አዎ" አልኩት። "ዛሬስ የምር ነው።"